ከቆቡ ገበር ሥር

የአገሩን ስም አልጠራም። ሩቅ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ የደረሰ የለም፣ ከዚያ ተነሥቶም እዚህ የመጣ የለም። ስለዚህ ማንም ሰው በዚህ ነገር ውስጥ ራሱን ወይም አለቃውን እንዳይፈልግ እለምናለሁ። የዚያ አገር ሹሞች ሁሉ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ይህንንም አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

በዚያ አገር ሰው የሚታወቀው በቆቡ ነበር። ለመማር የሚፈልግ ወጣት ሁሉ ወደ ትልቁ የትምህርት ግቢ ይሄዳል። ግቢው ዐሥራ ሁለት በሮች አሉት። በየበሩ ላይ የሙያ ስም ተጽፏል፤ የድልድይ በር፣ የንብ በር፣ የድንበር ዳኝነት በር እያለ እስከ ዐሥራ ሁለተኛው፣ እስከ ሙሾ በር ይደርሳል። በድልድይ በር የገባ አራት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ "የድልድይ ዐዋቂ" የሚል ቆብ ይደፋል። በሙሾ በር የገባ "የሙሾ ዐዋቂ" የሚል ቆብ ይደፋና በየለቅሶው ቤት እየዞረ ሙሾ እንዲያወርድ ይመደባል። እዚህ ድረስ ነገሩ ደንበኛ ነው።

በሮቹ ግን ዐሥራ ሁለት ይሁኑ እንጂ የሚከፈቱት ሁሉም ወደ አንድ ሜዳ ነው። በየትኛውም በር የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ይማራል። የሚማረውም የመንግሥቱን ወንዞች ስም በቃል መያዝ፣ ሹም ሲያልፍ አቋቋም፣ የምስጋና አቀራረብ፣ ደግሞም ከዚህ በፊት የቀረቡ ምስጋናዎች ታሪክ ነው። በቀሩት ሁለት ዓመታት በበሩ ላይ የተጻፈውን ይማራል ተብሎ ይታመናል። መምህራኑ የሚመደቡት ግን በሚያውቁት ሳይሆን በተገኘው ክፍት ቦታ ነበር። የድልድዩ መምህር የሞቱ ሳምንት ሥራ ፍለጋ የመጡት አንድ የንብ ሊቅ ነበሩ። ገቡበት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንዝ ዳር ገመድ ሲገምዱና ድልድይ ሲዘረጉ የኖሩ አንድ ሽማግሌ መጡ። ያን ጊዜ ክፍት የነበረው የሙሾ መምህርነት ብቻ ነበር። እሳቸውም ገቡበት። ሁለቱም የሚያውቁትን አስተማሩ፤ ሌላ ምን ያድርጉ?

ይህ በሕግ የተደበቀ ነገር አልነበረም። እንዲያውም ሕጉ እያንዳንዱ ተማሪ የተማረው ትምህርት አንድም ሳይጎድል በብራና ተዘርዝሮ ይሰጠው ይላል። የሚሰጠው ግን በቆቡና በገበሩ መካከል ተሰፍቶ ነው። ምክንያቱ ሲነገር፣ ብራናው በሰው ዓይን ብዛት እንዳይቆሽሽ ነው። ገበሩን የፈታ፣ ወይም በገበሩ ውስጥ ያለውን ያወራ ሰው ስሙ ከነቤተሰቡ ከመዝገብ ይፋቃል። ሰውን "ምን ተማርክ?" ብሎ መጠየቅም ከጨዋ አይጠበቅም። የሚጠየቀው "ምን ተባልክ?" ነው።

በዚያ አገር አንድ ነገር ሲበላሽ በዋዛ አይታለፍም፤ ይጣራል። የንብ ዐዋቂ የተባለ አንድ ሰው በተመደበበት ወረዳ ያሉትን ቀፎዎች ሁሉ በድንጋይ አጥር ድንበር ቢለይላቸው ንቦቹ አገር ጥለው ጠፉ። ያስተማሩት የድንበር ዳኛ ነበሩ። አጣሪዎች ተቀምጠው መረመሩና ጥፋቱን አገኙት፤ የሙያው ስም አጭር ነበር። ከዚያ ወዲህ "የንብ፣ የማርና የሰም ሀብት ዐዋቂ" ተባለ። ትምህርቱ እንዳለ ቀረ። በሌላ ዓመት ሌላ ነገር ተበላሸ፣ ሌላ ስም ረዘመ። ስም ሲረዝም ቆብም ረዘመ፤ ቆብ ሲረዝም የቤቱ ሁሉ በር ጉበኑ እየፈረሰ ከፍ ተደረገ። የስያሜዎች ሁሉ አለቃ ሊቀ ስያሜ ጓንጉል ይባሉ ነበር። የእሳቸው ቆብ ከርዝመቱ የተነሣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ በዘንግ ይደግፈው ነበር።

እነዚህን ቆቦች የሚሰፋው ደምለው የሚባል ሰው ነው። ስሙን ከናሙና እያየ ከላይ ይጠልፋል፤ ብራናውን አጥፎ ከውስጥ ያስገባና ገበሩን ይዘጋበታል። ሕጉ የቆብ ሰፊ ማንበብ የማይችል ይሁን ይላል። ደምለው በልጅነቱ ሦስት ዓመት ፊደል ቆጥሯል። በተቀጠረ ቀን ጸሐፊው "ማንበብ ትችላለህ?" ቢለው፣ ጉራ እንዳይመስልበት ብሎ "እምብዛም" አለ። ጸሐፊው "አይችልም" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ደምለው ያነበበውን እንዳላነበበ ሆኖ ኖረ። ብራና ሲያጥፍ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ያነሣል። ዓይን ግን ይደክማል፤ ሲደክመው ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ሲል ያነባል።

አሁን ወደ ነገሩ እገባለሁ።

አገሩን ለሁለት የሚከፍል አንድ ትልቅ ወንዝ ነበር። ባለፈው ክረምት ሲሞላ የጥንቱን ድልድይ ይዞት ሄደ። አዲስ ድልድይ እንዲሠራ ልመንህ የሚባል ወጣት ተመደበ፤ ቆቡ ላይ "የድልድይ፣ የተሻጋሪነትና የሁለት ዳር ግንኙነት ዐዋቂ" የሚል ተጠልፏል። የአገሩ ልማድ ደግሞ አዲስ ድልድይ በመጀመሪያ የሚረገጠው በሙሽራ ነው። ሙሽራ ከነአጃቢዎቿ ሳታልፍበት ሌላ ሰው እግሩን ቢያሳርፍበት ነውር ነው። በዚያ ዓመት ተራው የደረሳት ዘርፌ ነበረች። ዘርፌ የደምለው ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች በኋላ ብቻውን ያሳደጋት። እጮኛዋ ጫኔ ያለው ማዶ ነው።

ደምለው የሰርግ ቀሚሷን እየለካ ሳለ መርፌው አልታዘዘውም።

"አባዬ፣ እጅህ ምን ሆነ? ሦስት ጊዜ ወጋኸኝ እኮ።"

"ብርሃኑ ደክሞ ነው።"

"እኩለ ቀን ላይ?"

ደምለው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። "ዘርፌ፣ ሰርጉ ለሚመጣው ዓመት ቢተላለፍ ምን ይመስልሻል?"

"ወንዙ አንድ ዓመት አስተላልፎብኛል። አንተም ወንዝ ልትሆንብኝ ነው?"

"ኧረ እኔስ... ዋና ትችያለሽ?"

ዘርፌ ሳቀች። "ሙሽራ ዋና ትችል እንደሆነ ትጠየቃለች እንዴ? ምን ነክቶሃል?"

የነካው ነገር የልመንህ ቆብ ነው። ሰፍቶታል። ሲሰፋው ዓይኑ ዝቅ ብሎ ነበር። በብራናው ላይ የነበረው እንዲህ ነው። የወንዞች ስም፣ አንደኛና ሁለተኛ። የምስጋና አቀራረብ። የንብ ታሪክ። የቀፎ አያያዝ። የንብ ጠባይ። የአውራ ንብ አመራረጥ። ከሁሉ በታች አንድ መስመር ላይ፣ የድልድይ ትርጉም።

ይህን ቢናገር ስማቸው ይፋቃል፤ ስሟ የተፋቀ ልጅ ደግሞ ሙሽራ አትሆንም። ባይናገር በሰርጓ ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ዘርፌ በነጭ ቀሚስ ወንዙ ላይ ትወጣለች። ደምለው ሁለቱንም ሲያወጣ ሲያወርድ አደረ። በመጨረሻ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ሊቀ ስያሜ ጓንጉል ሄደ።

"ጌታዬ፣ ድልድዩ አለቀ አሉ።"

"አልቋል። የመጀመሪያዋ ልጅህ ናት፤ ታድለሃል።"

"ታድያለሁ ጌታዬ። አንዲት ነገር ብቻ... የሠራው ሰው ድልድይ ተምሯል ወይ?"

ሊቀ ስያሜ ቀና አሉ። ዘንግ የያዘው ሰው ቆቡ እንዳይወድቅ አብሮ ቀና አለ።

"ቆቡን አላየኸውም?"

"አይቼዋለሁ።"

"ምን ይላል?"

ደምለው ማንበብ እንደማይችል ትዝ አለው። "እኔ ምን አውቄ ጌታዬ። የጠለፍኩ ብቻ ነኝ።"

"ራስህ የጠለፍከውን ነው የምትጠራጠረው?"

"ጥልፉንስ አልጠራጠርም።"

"ስሙን የሰጠነው እኛ ነን። የጠለፍከው አንተ ነህ። የደፋው እሱ ነው። ሦስታችንም ተሳስተናል እያልከኝ ነው?"

"ኧረ ጌታዬ! ይህ ከሚሆንስ እኔ ብቻዬን ብሳሳት ይሻላል።"

"ጎበዝ" አሉት ሊቀ ስያሜ፤ ለሰርጉም መልካም ምኞታቸውን ገለጹለት።

ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደ። ድልድዩ ተዘርግቷል፤ በአበባ ተሸልሟል፤ ያምራል። ልመንህ ከተቆለለ ድንጋይ ጀርባ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል።

"ልመንህ፣ ልጄ፣ እንዴት ነው?"

"ቆሟል፣ አያ ደምለው።"

"መቆሙንስ አየሁት። ሰው ሲወጣበትስ?"

"ማንም አልወጣበትም። ነውር ነው።"

"ያንተ ልጅ ብትሆን ታሳልፋት ነበር?"

ልመንህ ውኃውን እያየ፣ "ስለ ንብ ይጠይቁኝ" አለ። "አውራዋ ስትሞት ቀፎው ምን እንደሚሆን፣ በየትኛው ወር የትኛውን አበባ እንደሚቀስሙ፣ አንድም ሳላስቀር እነግርዎታለሁ። ስለ ድልድይ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ድልድይ ማለት ከወዲህ ዳር ወደዚያ ዳር የሚያሻግር፣ ከዚያ ዳር ደግሞ ወደዚህ የሚመልስ ነው። በፈተናው ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ለማን? ሥራው በተሰጠኝ ቀን አንድ ሰው ቢጠይቀኝ እናገር ነበር። ሁሉም ምን ተባልክ አሉኝ፤ የተባልኩትን ነገርኳቸው። እኔ እኮ አያ ደምለው፣ በዚያ በር የገባሁት የእውነት ድልድይ ልማር ብዬ ነው።" ፊቱን በቆቡ ሸፈነ። "አሁን ብናገር ደግሞ ስሜን ይፍቁታል። እናቴ በስሜ ነው የምትኮራው።"

ደምለው ሊቆጣው መጥቶ ነበር፤ ቁጣው ጠፋበት። ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ዳገቱን ወጣ። ሲወጣ ነው ሌላኛው ቆብ ትዝ ያለው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ከላይ "የሙሾ ዐዋቂ" ብሎ ጠልፏል። ብራናውን ሲያጥፍ ግን ያየው ነገር ለሳምንት ሲያስገርመው ነበር። ገመድ መግመድ። ገመድ መንከርና ማድረቅ። የካስማ ጥልቀት። የወንዝ ሙላት ልክ። ሸክምና ሚዛን። ያን ጊዜ "ለሙሾ ይህ ሁሉ ምን ያደርግላታል?" ብሎ ገበሩን ዘጋበት። የቆቡ ባለቤት ላቀች ትባላለች።

በማግስቱ ጠዋት ያገኛት አንድ ባላባት የሞቱበት ለቅሶ ቤት ነው። ከሐዘንተኛው መካከል ቆማ ደረቷን እየመታች ታወርዳለች።

"ወዮ ምሰሶው! ወዮ የማይነቅዙት! ቁመታቸው አራት ክንድ ከስንዝር፣ ወዮ! ጭነት ቢበዛ የማይጎብጡት!"

ሐዘንተኛው በነጠላው አፉን ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ለሩቅ ተመልካች ልቅሶ ይመስላል። የሟች ታናሽ ወንድም ብቻ "ይህቺን ሴት ማን ጠራት?" እያለ ያጉረመርማል።

ላቀች ሙሾውን ስትጨርስ ደምለው ወደ ጥግ ወሰዳት። "የቆብሽ ገበር ላልቶ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።"

"ስድስት ዓመት አድርጌው ዛሬ ነው የሚያስቡልኝ? ፊትዎ አመድ መስሏል፣ አያ ደምለው። ምን ሆኑ?"

"ልጄ ሐሙስ ታገባለች።"

"እልል ይበሉ እንጂ ታዲያ!"

"በአዲሱ ድልድይ ነው የምትሻገረው።"

የላቀች ፊት ተለወጠ። "በዳሩ ሳልፍ አይቼዋለሁ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ካስማውን አሸዋ ላይ ነው የተከሉት። ገመዱን ውኃ ውስጥ ሳይነክሩ ነው የገመዱት። የንብ ቀፎ ቢንጠለጠልበት ይችላል፤ ሰው ግን አይችልም።"

"ታዲያ እንዴት ዝም ትያለሽ?"

"ዝም አላልኩም! የስያሜ ቤቱን ጸሐፊ ሄጄ ነገርኩት። 'አንቺ ማን ነሽ?' አለኝ። የሙሾ ዐዋቂ ነኝ አልኩት። 'እንግዲያው ሰው ሲሞት ነይ' አለኝ።"

ደምለው ነጠላውን እየጠቀለለ፣ እየፈታ ቆየ። ፈሪ ሰው ሕግን ከደፋር ይልቅ ደጋግሞ ያስባል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የየትኛው ሕግ ጠርዝ የት እንደሚያልቅ ሲለካ ነው የኖረው።

"ሙሾ ሲወርድ ማንም እንዳያቋርጥ ሕግ አለ አይደል?"

"አለ። ሹምም ቢሆን ቆቡን አውልቆ ይቆማል።"

"ለቅሶና ሰርግ መንገድ ላይ ቢገናኙስ?"

"ቃሬዛው ይቀድማል።"

"ሬሳው ወንዝ ገብቶ ካልተገኘስ?"

"የሬሳውን ክብደት ያህል ድንጋይ ቃሬዛው ላይ ይጫናል። ምን እያሉ ነው?"

"ምንም አላልኩም። ብቻ ሕጉ 'ሙሾ ለሟች ይወርዳል' ነው የሚለው። ሟቹ ሰው ይሁን የሚል የለበትም።"

ላቀች ትክ ብላ አየችው። "አያ ደምለው፣ እርስዎ ማንበብ አይችሉም አይደል?"

"እምብዛም" አለ ደምለው።

ሐሙስ ደረሰ። ሊቀ ስያሜ ጓንጉል ከነዘንገኛቸው መጡ። ሹሞች በየቆባቸው ቁመት ተሰለፉ። ልመንህ የድልድዩ አፍ ላይ ቆሟል። ዘርፌ በነጭ ቀሚሷ ከሃያ ሦስት አጃቢዎች ጋር እየተዘፈነላት መጣች። ማዶ ጫኔ ከወገኖቹ ጋር እጁን ያውለበልባል። ደምለው ከልጁ ጎን ሄደ።

ዘርፌ እግሯን ልታነሣ ስትል ከሕዝቡ መካከል "ወዮ!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዘፈኑ ቆመ። ላቀች ጥቁር ለብሳ፣ ቆቧን ደፍታ ወደፊት መጣች። አራት ሰዎች ከኋላዋ ባዶ ቃሬዛ ተሸክመዋል።

"ወዮ ድልድዬ! በሞትሽ ቀን የተሞሸርሽው!"

ሹሞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሕግ ሕግ ነውና ቆባቸውን አወለቁ። የሊቀ ስያሜን ቆብ ለማውረድ ሦስት ሰው አስፈለገ። ልመንህም የእሱን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው፤ ገበሩ ወደ ሰማይ ሆነ።

"ገመድሽ ሳይነከር የተገመደ፣ ወዮ!"

"ወዮ!" አለ ሕዝቡ፤ ልማዱ ነውና።

"ካስማሽ ክንድ ተኩል ብቻ የተቀበረ፣ ያውም አሸዋ ላይ፣ ወዮ!"

"ወዮ!"

"ርብራብሽ ከእርጥብ እንጨት፣ በመጀመሪያው ፀሐይ የሚጣመም፣ ወዮ!"

መጀመሪያ ላይ ሲስቅ የነበረው ሕዝብ ከሦስተኛው ወዮ በኋላ አልሳቀም። በወንዝ ዳር የኖሩ ሽማግሌዎች አንገታቸውን እያሰገጉ ካስማውን ማየት ጀመሩ። ዘርፌ የአባቷን ክንድ ያዘች። "አባዬ፣ ይህቺ ሴትዮ ሙሾ ነው የምታወርደው?"

"ዝም በይ ልጄ። የለቅሶ ሰዓት ነው።"

ላቀች ሙሾውን ጨርሳ ለሊቀ ስያሜ እጅ ነሣች። "ሟች አለ፣ ጌታዬ። ቃሬዛው ከሙሽራዋ ይቅደም።"

"ሟቹ ድልድዩ ራሱ ከሆነ" አሉ ሊቀ ስያሜ በጥንቃቄ፣ "ክብደቱ ስንት ነው? ድንጋዩ በምን ይለካል?"

"ይህማ ቀላል ነው፤ ሊሸከም በተሠራው ልክ ነዋ። ዛሬ ሃያ አራት ሰው ነው።"

ሊቀ ስያሜ ይህን የሚከለክል አንቀጽ አጡ። ድንጋይ ተጫነ፤ አንድ ቃሬዛ አልበቃ ብሎ ሦስት ቃሬዛ ተያያዘ። ማዶ ያሉት የጫኔ ወገኖች በወንጭፍ በተወረወረላቸው ረጅም ገመድ ይጎትቱት ጀመር። አበባው እየረገፈ ቃሬዛው በርብራቡ ላይ ተንቀራፈፈ። ሲሶው ላይ ደረሰ። ምንም አልሆነም። ሊቀ ስያሜ ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር። እኩሌታው ላይ ሲደርስ የወዲህኛው ካስማ ከአሸዋው ውስጥ፣ የላላ ጥርስ ከልጅ ድድ እንደሚነቀል፣ ያለ ምንም ድምፅ ወጣ። ከዚያ ገመዱ፣ ርብራቡ፣ አበባው፣ የሃያ አራት ሰው ድንጋይ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወንዙ ውስጥ ገባ።

ደምለው መሬት ላይ ተቀመጠ። ዘርፌ በርብራቡ ላይ ልታሳርፈው የነበረውን እግሯን ጎንበስ ብላ አየችው።

በመጨረሻ ሊቀ ስያሜ ጓንጉል ተናገሩ። ድምፃቸው በአድናቆት ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ቆሞ የነበረ ድልድይ! ሙሾ ብታወርድለት ሞተ! እንዴት ያለች የሙሾ ዐዋቂ ናት!"

አጣሪዎች ሰባት ቀን ተቀመጡ። ያገኙትም ይህ ነው። ድልድዩ የሞተው በሙሾ ነው። ስለዚህ ልመንህ ጥፋት የለበትም። ቢሆንም ለወደፊቱ ጥንቃቄ ሲባል የሙያው ስም "የድልድይ፣ የተሻጋሪነት፣ የሁለት ዳር ግንኙነትና ሙሾን የመቋቋም ዐዋቂ" እንዲሆን ተወሰነ። ላቀች በሙያዋ ላሳየችው ብቃት ሊቀ ሙሾ ተብላ ተሾመች፤ ግንባታ ባለበት ቦታ ድምፅዋን እንዳታሰማ ግን በጥብቅ ታዘዘች። የትምህርት ግቢው ስም በዚህ ጉዳይ አልተነሣም።

አዲሱ ስም በናሙና ተጽፎ ለደምለው መጣለት። ቁጭ ብሎ ጠለፈው። ብራናውን አጥፎ ሲያስገባ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አላነሣም። ገበሩን ሲዘጋም በጠርዙ ላይ፣ ከጆሮ በላይ በሚውለው በኩል፣ አንዲት ስፌት ላላ አድርጎ ተዋት። አንድ ጣት ታስገባለች። ስፌት መፍታት ወንጀል ነው፤ ማላላት የሚል ግን የትም አላነበበም። ከዚያ ቆብ ወዲህ የሰፋውን ሁሉ እንዲሁ አደረገ።

ሰርጉ ግን ቀረ። ወንዙ እንዳለ አለ፤ ጫኔም ማዶ ነው። ዘርፌ አንድ ጠዋት ቀሚሷን በክንዷ አንጠልጥላ ላቀች ቤት ሄደች።

"ድልድዩ ሞተ አልሽና አተረፍሽኝ፤ እግዜር ይስጥሽ። አሁን ደግሞ አሻግሪኝ።"

"እኔ? የሙሾ ሰው?"

"ምን ተባልሽ አላልኩሽም፣ እትዬ። ምን ተማርሽ?"

ላቀች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ አታውቅም። ስትመልስ ግማሽ ቀን ፈጀባት፤ ዘርፌም ቁጭ ብላ ሰማቻት።

የሙሾ ሹም በዚያ አገር አንድ መብት ነበረው። ዘመዱን ወንዝ የወሰደበት ሐዘንተኛ ውኃው ዳር ሲያለቅስ እንዳይገባ የሚይዘው ገመድ ማሰር ይችላል። ሊቀ ሙሾ ላቀች ከፈረሰው ድልድይ በታች ገመድ አሰረች። መጀመሪያ ለመርዳት የመጣው ልመንህ ነው፤ ቆቡን ቤቱ ትቶት መጥቷል። "ካስማ ስንት ክንድ ነው የሚቀበረው?" አላት። "አምስት። ድንጋይ እስክታገኝ" አለችው። ልመንህ ቆፈረ፣ ጠየቀ፣ እንደገና ቆፈረ። ገመዱ በዳሩ ብቻ አልቀረም፤ ማዶ ደረሰ። በሥሩ ርብራብ ተነጠፈለት፤ ሐዘንተኛ ሲቆም እግሩ እንዳይረጥብ ነው።

ሊቀ ስያሜ ጓንጉል ሊመረምሩ መጡ። ወዲያ ወዲህ አዩት።

"ይህ ድልድይ አይደለም?"

"ጌታዬ" አለች ላቀች፣ "እኔ የሙሾ ዐዋቂ ነኝ። ድልድይ እንዴት አድርጌ እሠራለሁ?"

ሊቀ ስያሜ አሰቡበት። "እውነት ነው" አሉ።

ሆኖም ጥንቁቅ ሰው ስለነበሩ ትእዛዝ ጻፉ። ገመዱ የለቅሶ ገመድ ስለሆነ በላዩ የሚሄድ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ይሂድ፤ ሳያለቅስ የተገኘ መሻገሩ ነውና ይቀጣል። ጸሐፊም በዳሩ ተመደበ። እስከ ዛሬ ድረስ የዚያ አገር ሰው በዚያ ወንዝ ሲያልፍ መካከሉ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ "ወዮ!" ይላል። ልጆች ምክንያቱን አያውቁትም፤ ግን ይሉታል።

ዘርፌ ከሃያ ሦስት አጃቢዎቿ ጋር እየሳቀችና "ወዮ ወዮ" እያለች ተሻገረች። ገመዱ አንዴም አልላላም። ማዶ ጫኔ በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ወዲያ ዳር ላይ እልልታው ቀለጠ።

ደምለው ወዲህ ዳር ቀርቶ ነበር። ጸሐፊው በዚያ ቀን መዝገብ ላይ ያሰፈረው ይህን ነው። "ሃያ አራት ሰው አለቀሰ፤ ሄደ። አንድ የቆብ ሰፊ ከሁሉም ይልቅ አለቀሰ፤ አልሄደም። ምክንያቱ አልታወቀም።"